ሕመም የሌለው በሽታ

በሕንድ ማሃራሽትራ ግዛት ጋድቺሮሊ የሚባል ደን የበዛበት ደሃ ወረዳ አለ። በ1980ዎቹ አጋማሽ እዚያ የሰፈሩት ባልና ሚስት ሐኪሞች፣ ራኒ ባንግ እና አብሃይ ባንግ፣ ብዙ ሐኪም የማይጠይቀውን ጥያቄ አነሱ። ወደ ሕክምና የመጡትን ሴቶች ብቻ ሳይሆን ያልመጡትንም ብንመረምር ምን እናገኛለን? (በዚህ ምዕራፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) በሁለት መንደሮች ቤት ለቤት እየዞሩ ጠየቁ፣ ፈቃደኛ የሆኑ 650 ሴቶችን አገኙ፣ አንድ በአንድም መረመሯቸው። ውጤቱ በጥር 1989 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ታተመ። ከመቶ 92ቱ ቢያንስ አንድ የማህፀን ወይም የአባላዘር ችግር ነበረባቸው። በአማካይ ሲታይ አንዲት ሴት ከሦስት በላይ ችግሮች ተሸክማ ነበር የምትኖረው። ከተገኘው ሕመም ግማሽ ያህሉ ኢንፌክሽን ነበር። ከዚያ ምርመራ በፊት ስለዚህ ጉዳይ ተመርምረው የታከሙት ግን ከመቶ 8ቱ ብቻ ነበሩ።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚያስጨንቀኝ ሌላው ቁጥር ነው። ከእነዚያ ሴቶች ከመቶ 45ቱ ምንም አይሰማንም ብለው ነበር። የሚያማት ነገር የሌላት ሴት ወደ ጤና ጣቢያ የምትሄድበት ምክንያት የላትም። ታምመው መጡ ብሎ የሚመዘግብ መዝገብም ስለ እሷ ምንም አይልም። በገጠር ሴቶች ጤና ላይ የተሠራው ስህተት አብዛኛው የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው፤ መዝገብ ላይ የሌለ በሽታ መንደር ውስጥም የለም ተብሎ ይታሰባል።

በጋድቺሮሊ የተገኘው ሁሉ በግብረ ሥጋ ግንኙነት የሚተላለፍ አልነበረም። ይህ ምዕራፍ የሚያወራው ግን ስለ ሦስቱ ነው፤ ስለ ጨብጥ፣ ስለ ክላሚዲያ እና ስለ ቂጥኝ። ሦስቱም ከባክቴሪያ የሚመጡ ናቸው፤ ሦስቱንም ትክክለኛ መድኃኒት ያድናቸዋል። ከርክርና ባምቡሌም ከዚሁ ወገን ናቸው፤ ከርክር ግን በብዙ አገር እየጠፋ ነው፤ ዛሬ በብልት ላይ ለሚወጣ ቁስል ዋናው ምክንያት ሄርፒስ የተባለው ቫይረስ ሆኗል። የዓለም ጤና ድርጅት ባወጣው ግምት መሠረት በ2020 ዓመት ብቻ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 በሆኑ ሰዎች ላይ 129 ሚሊዮን አዲስ የክላሚዲያ፣ 82 ሚሊዮን አዲስ የጨብጥ፣ 7.1 ሚሊዮን አዲስ የቂጥኝ ኢንፌክሽኖች ደርሰዋል።

ጨብጥ የያዘው ወንድ ብዙውን ጊዜ በሳምንት ውስጥ ያውቃል። ሽንቱ ያቃጥለዋል፣ መግል ይወጣዋል፣ ልብሱን ያበላሽበታል። ሊደብቀው ቢፈልግ እንኳ ከራሱ ሊደብቀው አይችልም። ባክቴሪያው የተቀመጠው በሽንት ቧንቧው ውስጥ ስለሆነ በሸና ቁጥር ያስታውሰዋል። በሴቷ በኩል ያው ባክቴሪያ የሚሰፍረው በማህፀን ጫፍ ላይ ነው። ማህፀን ጫፍ ከውጭ አይታይም፣ ስሜቱም ደካማ ነው። ስለዚህ ጨብጥ ከያዛቸው ሴቶች ግማሽ ያህሉ፣ ክላሚዲያ ከያዛቸው ደግሞ ከአሥር ሰባቱ ምንም ምልክት አያዩም። ክላሚዲያ ከሰውነት ሴል ውስጥ ገብቶ እዚያው የሚራባ ባክቴሪያ ነው፤ ልክ እንደ ነቀዝ ከእህሉ ውስጥ ሆኖ ሲበላ ላዩ ደህና ይመስላል። ቂጥኝም የመጀመሪያ ቁስሉ አያምም። በሴት ላይ ቁስሉ ብዙ ጊዜ የሚወጣው ከውስጥ ስለሆነ ሳታየው ከሦስት እስከ ስድስት ሳምንት ባለው ጊዜ በራሱ ይድናል። ባክቴሪያው ግን በደም ውስጥ ይቀራል።

አሁን ወደ አገራችን እንምጣ። ሰሊጥ በደረሰ ቁጥር ከጎንደር፣ ከጎጃምና ከሌላውም ደጋ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ወንዶች ወደ መተማና ሁመራ ቆላ ሲወርዱ ኖረዋል። አንዱን ወጣት አርሶ አደር በሐሳብ እንከተለው። ዘንድሮ ለሁለት ወር ሄዷል። የሰሊጥ አጨዳ ከባድ ነው፣ ሌሊቱ ይሞቃል፣ ክፍያ በእጅ ሲገባ ደግሞ በአቅራቢያው ያለችው ከተማ ትጠብቃለች። ከጥቂት ቀን በኋላ ሽንቱ ማቃጠል ጀመረ። ጓደኞቹ ትኩስ ድንጋይ ላይ ሸንተህ ነው፣ ፀሐይ መትቶህ ነው አሉት። ከመድኃኒት መደብር የገዛውን ጥቂት ቴትራሳይክሊን ዋጠ። ጨብጥ ይህን መድኃኒት መቋቋም ከጀመረ ቆይቷል፣ ግን መግሉ ቀነሰ፣ ማቃጠሉም ቀለል አለለት። ድኛለሁ ብሎ ለጥር ሠርግ አገሩ ገባ።

እቤት የምትጠብቀው ሚስቱ 17 ዓመቷ ነው። ከእሱ ሌላ ወንድ አታውቅም። በ2016 የተደረገው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንዳሳየው ከ25 እስከ 49 ዓመት ካሉት ሴቶች ግማሾቹ ያገቡት 17 ዓመት ከጥቂት ሳይሞላቸው ነው፤ የወንዶቹ መካከለኛ የጋብቻ ዕድሜ ግን ወደ 24 የተጠጋ ነበር። ዕድሜው የሚያስከትለው ነገር አለ። በልጃገረድነት ዕድሜ ላይ በማህፀን ውስጠኛው ክፍል መሆን ያለባቸው ስስ ሴሎች በማህፀኑ ጫፍ አፍ ላይ ወጥተው ይታያሉ፤ ክላሚዲያና ጨብጥ ደግሞ የሚወዱት እነዚህኑ ሴሎች ነው። ስለዚህ አንድ ዓይነት ባክቴሪያ በ17 ዓመት ልጅና በ30 ዓመት ሴት ላይ ቢያርፍ የልጅቷ አደጋ ይበልጣል። እሷ ከአልጋዋ ሳትወጣ፣ ከጎጧ ሳትርቅ፣ ለባሏ ታምና ሳለ ነው በሽታው የደረሰባት። ስለ አባላዘር በሽታ ለዓመታት ስናስተምር የኖርነው «ተጠንቀቁ» እያልን ነው። ይህች ልጅ ከማን ትጠንቀቅ? በትዳር ውስጥ ኮንዶም አምጣ ብላ መጠየቅ ለገጠር ሙሽራ የሚታሰብ አይደለም።

እንደ እሷ ከተያዙት ሴቶች ብዙዎቹ ምንም ሳይሰማቸው ይቆዩ ይሆናል። የሚሰማቸው ደግሞ የሚሉት ይታወቃል፤ እንብርቴ ስር ይወጋኛል፣ ወገቤን ይቆርጠኛል፣ ሽንቴ ያቃጥለኛል፣ ፈሳሽ ይወርደኛል። አብዛኛዋ ይህንን ለእናቷ ወይም ለጎረቤቷ ትናገራለች፣ ምች ነው ትባላለች፣ ዳማ ከሴ ተወቅጦ ይሰጣታል። ከጠናባት ጠበል ትሄዳለች። ጤና ጣቢያ የምትደርሰው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፤ ያውም የሚያደርሳት ሰው ካገኘች።

ጤና ጣቢያው ውስጥ የሚሆነውን ቀረብ ብለን እንመልከተው። የካርድ ክፍሉ ወረፋ አለው። ምርመራ ክፍሉ ውስጥ አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበር፣ ከበሩ ውጭ ደግሞ ተራ የሚጠብቅ ሕዝብ አለ። በሩ አልተዘጋም። ባለሙያው ወጣት ወንድ ነው፣ የእሷ ወንድም ሊሆን የሚችል ዕድሜ ላይ ነው። «ምን ሆነሽ ነው እታለም?» ይላታል። «ሆዴን» ትላለች ነጠላዋን ወደ አፏ እየሳበች። ትንሽ ቆይታ «ደግሞ ውሃ ነገር ይወርደኛል» ትላለች። በማየት ለመመርመር መጋረጃ ያለው አልጋ፣ ጥሩ ብርሃን፣ የማህፀን መክፈቻ መሣሪያ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ጊዜና አንዲት ሴት ባለሙያ ያስፈልጉ ነበር። እነዚህ አንድ ላይ የሚገኙበት ቀን ጥቂት ነው። ስለዚህ ሳያያት፣ የተናገረችውን ሰምቶ ብቻ ይወስናል።

ባለሙያው ሰነፍ ሆኖ አይደለም። እንዲህ እንዲሠራ መመሪያው ያዘዋል። ላቦራቶሪ በሌለበት አገር ሁሉ የዓለም ጤና ድርጅት ለአሥርት ዓመታት ያስተማረው አሠራር በምልክት ማከም ነው። ታካሚው የሚናገረውን ምልክት ይዘህ ሰንጠረዡን ትከተላለህ፣ ምልክቱን ሊያመጡ የሚችሉትን ዋና ዋና በሽታዎች ሁሉ በአንድ ጊዜ ታክማለህ። ለወንድ ይህ ግሩም ይሠራል፤ ከብልቱ መግል የሚወጣው ወንድ ጨብጥ ወይም ክላሚዲያ ወይም ሁለቱም ሊኖሩበት ይችላሉ፣ ሴፍትሪያክሶን ተወግቶ አዚትሮማይሲን ውጦ ይሄዳል፣ ይድናል። ብልቱ ላይ ቁስል ላወጣም ሰው ዘዴው ጠቃሚ ነው።

ፈሳሽ ለሚወርዳት ሴት ግን ዘዴው ደካማ ነው። እንዲያውም እዚህ ላይ የተሠራው ስህተት በገጠር ሴቶች ሕይወት ላይ ያስከተለው ጣጣ በቅጡ የተነገረ አይመስለኝም። የሴት ፈሳሽ አብዛኛውን ጊዜ ከጨብጥም ከክላሚዲያም የመጣ አይደለም። በብልት ውስጥ ያለው የተፈጥሮ ባክቴሪያ ሚዛን ሲዛባ ይመጣል፣ ወይም ካንዲዳ የተባለው ፈንገስ ሲበዛ። ካንዲዳ ነጭና ወፍራም ፈሳሽ ከማሳከክ ጋር ያመጣል፣ የባክቴሪያው መዛባት ደግሞ ግራጫና ሽታ ያለው ፈሳሽ። ሁለቱም ያስቸግራሉ፣ ሁለቱም ይታከማሉ፣ ግን ሚስት አመነዘረች ወይም ባል ቆላ ሄዶ ይዞ መጣ የሚያሰኙ አይደሉም። በሌላ በኩል ጨብጥና ክላሚዲያ ያለባት ሴት ምንም ፈሳሽ ላይኖራት ይችላል። ውጤቱ ምን ይሆናል? በሽታው ያለባት ሳትታከም ትቀራለች፤ የሌለባት ደግሞ «የአባላዘር በሽታ አለብሽ፣ ባልሽን ይዘሽ ነይ» ትባላለች።

ይህች ሁለተኛዋ ሴት እቤቷ ስትደርስ የሚሆነውን ማሰብ አያዳግትም። ባሏ በሽታ የሌለበት፣ ሌላ ሴት ያልነካ ሰው ሊሆን ይችላል። ታዲያ ከየት አመጣሽው ይላታል። ሽማግሌ ይጠራል፣ ዱላ ሊመጣ ይችላል፣ ፍቺም ይመጣል። ትዳሯ የፈረሰው በፈንገስ ምክንያት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ራሱ በ2021 ባወጣው መመሪያ ፈሳሽ ያለባት ሴት ከተቻለ በላቦራቶሪ፣ ካልተቻለም የማህፀኗ ጫፍ በዓይን ታይቶ እንድትታከም መክሯል። ይህ በየጤና ጣቢያው እስኪደርስ ድረስ ግን እያንዳንዱ የጤና ባለሙያ ሊያደርገው የሚችለው አንድ ነገር አለ፣ እሱም በቃላት መጠንቀቅ ነው። ምርመራ ሳያረጋግጥ «የአባላዘር በሽታ» የሚለውን ለእሷ መንገር ተገቢ አይደለም። «የማህፀን መቆጣት ነው፣ ለመዳን ሁለታችሁም አብራችሁ መድኃኒት መውሰድ ይሻላል» ማለት ይቻላል፤ ውሸትም አይደለም።

ዝም ያለው ኢንፌክሽን ዝም ብሎ አይቀመጥም። ከማህፀን ጫፍ ወደ ማህፀን፣ ከዚያም የሴቷ እንቁላል ወደሚያልፍባቸው ሁለት ቀጫጭን የዘር ቱቦዎች ይወጣል። ቱቦዎቹ ከውስጥ በቀጫጭን ፀጉሮች የተሸፈኑ ናቸው፣ ፀጉሮቹም እንቁላሉን ወደ ማህፀን ይገፉታል። ኢንፌክሽኑ ፀጉሮቹን ያቃጥላል፣ ሲድን ደግሞ ጠባሳ ጥሎ ያልፋል። በስዊድን ሉንድ ከተማ በሺህ የሚቆጠሩ ሴቶችን ለረጅም ጊዜ የተከታተለው ጥናት ውጤቱን በ1992 ሲያወጣ እንዳሳየው፣ ይህ የቱቦ ሕመም አንድ ጊዜ ከደረሰባቸው ሴቶች ከመቶ 8ቱ በቱቦ መዘጋት መውለድ አልቻሉም። ሁለት ጊዜ ሲሆን ወደ 20፣ ሦስት ጊዜና ከዚያ በላይ ሲሆን 40 ሆነ። እነዚህ ስዊድን ውስጥ ሆስፒታል ተኝተው የታከሙ ናቸው። ጠባሳው ቱቦውን ሙሉ በሙሉ ካልዘጋው ደግሞ ሌላ አደጋ አለ፤ ጽንሱ ማህፀን ሳይደርስ ቱቦው ውስጥ ተጣብቆ ያድጋል፣ ቱቦውም ይፈነዳል። ከሆስፒታል የአንድ ቀን መንገድ ላይ ለምትኖር ሴት ይህ ሞት ነው።

ለሌሎቹ የሚመጣው መካንነት ነው። በገጠር መካን ሴት ምን እንደምትባል፣ አማቷ ምን እንደምትላት፣ ባሏ ሌላ ሲያገባ የት እንደምትሄድ ለአንባቢ መንገር አያስፈልገኝም። ልናገር የምፈልገው ስለ ጥፋቱ ነው። ስለቱ፣ ጠበሉ፣ መድኃኒተኛው ሁሉ የሚጎበኘው በእሷ እግር ነው፤ እሱ አይመረመርም። አንድ ልጅ ከወለዱ በኋላ ሁለተኛው እምቢ ባላቸው ጥንዶች መካከል ደግሞ ጥርጣሬው ይብሳል፣ ምክንያቱም ሁለቱም መውለድ እንደሚችሉ ስለሚያውቁ ጥፋቱ የዓይን፣ የመተት ወይም የእርግማን ይሆናል። እውነተኛው ምክንያት ግን ብዙውን ጊዜ የመጀመሪያው ልጅ ከተወለደ በኋላ የመጣ፣ ወይም በወሊዱ ጊዜ የገባ ኢንፌክሽን ነው። ቱቦ ከተዘጋ በኋላ ወደ ኋላ የሚመልሰው ክኒን የለም። ይህን መከላከል የሚቻለው ጠባሳው ሳይመጣ በፊት፣ ሴትየዋ ምንም ሳይሰማት በነበረበት ጊዜ ነው።

ቂጥኝ ደግሞ ጉዳቱን የሚያሳየው በጽንሱ ላይ ነው። ባክቴሪያው በእንግዴ ልጁ በኩል ወደ ሕፃኑ ያልፋል፣ እናቲቱ ግን ጤነኛ ትመስላለች። ጽንሱ ይወርዳል፣ ወይም ሞቶ ይወለዳል፣ ወይም ያለ ቀኑ ይወለዳል፣ ወይም ሲወለድ ደህና መስሎ በሳምንታት ውስጥ መታመም ይጀምራል። ደጋግማ ልጅ የሚሞትባት እናት በአገራችን ሾተላይ አለባት ትባላለች። ዛሬ ባለሙያዎች ይህን ስም የሚሰጡት ለእናትና ለጽንስ የደም ዓይነት አለመጣጣም ነው፣ ያም እውነተኛ ችግር ነው። ግን ያለ ምርመራ በሾተላይ ስም ከተለቀሰላቸው ሕፃናት መካከል ቂጥኝ የገደላቸው እንዳሉ ልጠራጠር አልችልም።

ይህን በግልጽ ያሳየው በታንዛኒያ ሙዋንዛ የተደረገ ጥናት ነው። በ2002 በታተመው ውጤት መሠረት፣ ከፍተኛ የቂጥኝ ምርመራ ውጤት ኖሯቸው ሳይታከሙ ከወለዱት እናቶች ከመቶ 25ቱ የወለዱት ሞቶ ነበር፤ ቂጥኝ በሌላቸው ግን ከመቶ 1። ይኸው ጥናት ሌላም ነገር አሳየ። በእርግዝናቸው ጊዜ አንድ የቤንዛቲን ፔኒሲሊን መርፌ የተወጉት እናቶች የሕፃናታቸው ዕጣ ቂጥኝ ከሌላቸው እናቶች ጋር እኩል ሆነ። አንድ መርፌ ነው። ፔኒሲሊን ቂጥኝን እንደሚያድን በአሜሪካ የታወቀው በ1943 ነው፣ ከዚያ ወዲህ ይህ ባክቴሪያ መድኃኒቱን መቋቋም አልተማረም። በሕክምና ታሪክ እንዲህ ያለ ዕድል የሚገኘው ከስንት አንዴ ነው። ሆኖም የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 ዓመት 1.1 ሚሊዮን እርጉዝ ሴቶች ቂጥኝ እንደነበረባቸውና ከ390,000 በላይ እርግዝናዎች በዚህ ምክንያት ክፉ ፍጻሜ እንዳገኙ ገምቷል።

መድኃኒቱ እያለ ለምን? መርፌውን በቅርብ ያየ ሰው አንዱን ምክንያት ይረዳል። ቤንዛቲን ፔኒሲሊን በብልቃጥ የሚመጣ ነጭ ዱቄት ነው። ውሃ ሲጨመርበት እንደ ወተት ሆኖ ይወፍራል፣ በቀጭን መርፌ አይሄድም፣ ቶሎ ካልተወጋም መርፌው ውስጥ ይረጋል። መጠኑ 2.4 ሚሊዮን ዩኒት ስለሆነ አብዛኛውን ጊዜ ለሁለት ተከፍሎ በግራና በቀኝ መቀመጫ ይወጋል፣ ያማል። ከተወጋች በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል ቁጭ ብላ መጠበቅ አለባት፤ ፔኒሲሊን የማይስማማው ሰው በደቂቃዎች ውስጥ ሊንቀጠቀጥና ትንፋሹ ሊያጥር ይችላልና። ይህ እጅግ አልፎ አልፎ የሚደርስ ነገር ነው። ግን ብዙ ነርሶች ስለ እሱ የሰሙት ታሪክ ያስፈራቸዋልና መርፌውን ወደ ሌላ ጤና ተቋም ይገፉታል፤ ወደ ሌላ የተላከች እርጉዝ ደግሞ ብዙ ጊዜ አትደርስም። ሁለተኛው ምክንያት ገበያ ነው። መድኃኒቱ እጅግ ርካሽ ስለሆነ የሚያመርቱት ጥቂት ናቸው፤ በ2010ዎቹ አጋማሽ ላይ ከብራዚል እስከ አፍሪካ ብዙ አገር ውስጥ ጠፍቶ ነበር።

ሦስተኛው ምክንያት ጊዜ ነው፤ በእኛ አገር ትልቁም ይኸው ይመስለኛል። ጽንሱን ለማዳን መርፌው ከመውለጃዋ ቢያንስ አንድ ወር አስቀድሞ መሰጠት አለበት፣ ቀደም ባለ ቁጥርም ይሻላል። በ2016ቱ ጥናት ከወለዱት እናቶች በእርግዝናቸው ጊዜ በሠለጠነ ባለሙያ የታዩት ከመቶ 62 ነበሩ፤ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት የታዩት ግን 20 ብቻ። በ2019 ቁጥሮቹ ወደ 74 እና 28 ከፍ ብለዋል። ከፍ ማለቱ የሚያስደስት ነው። ቢሆንም እርግዝናዋን እስኪታወቅ ድረስ መናገር የማትወድ፣ ዓይን ይበላኛል ብላ የምትፈራ ሴት በሰባተኛው ወር ስትመጣ ለቂጥኝ የሚቀረው ጊዜ አጭር ነው። ደም የመውሰጃው ነገር ዛሬ ቀላል ሆኗል፤ ጣት ተወግቶ አንዲት ጠብታ ደም ትንሿ የፕላስቲክ ሰሌዳ ላይ ይንጠባጠባል፣ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ባለው ጊዜ ቀይ መስመር ይወጣል። ኤች አይ ቪንና ቂጥኝን በአንድ ጠብታ የሚመረምረውን ሰሌዳ የዓለም ጤና ድርጅት ከ2019 ጀምሮ ለእርጉዞች የመጀመሪያ ምርመራ እንዲሆን መክሯል። ላቦራቶሪ አያስፈልገውም፣ መብራት አያስፈልገውም። የሚያስፈልገው ውጤቱ በወጣበት ክፍል ውስጥ፣ በዚያው ሰዓት፣ መርፌውን የሚሰጥ እጅ ነው። «ነገ ተመለሺ» የተባለች እናት የጠፋች እናት ናት።

ሙዋንዛን ካነሳን ዘንዳ ከዚያው አካባቢ የመጣውን ሌላ ማስረጃ ማለፍ አይቻልም። ከ1991 ጀምሮ በ12 የገጠር ማህበረሰቦች በተካሄደ ሙከራ፣ ስድስቱ ውስጥ የነበሩት ተራ ጤና ጣቢያዎች ሠራተኞቻቸው ሠልጥነው፣ መድኃኒታቸው ሳይቋረጥ ቀርቦ፣ ቁጥጥርም ተደርጎላቸው የአባላዘር በሽታዎችን በምልክት በደንብ ማከም ጀመሩ። ከሁለት ዓመት በኋላ በእነዚህ ስድስት ማህበረሰቦች አዲስ የኤች አይ ቪ ኢንፌክሽን ከሌሎቹ ስድስት ጋር ሲነጻጸር በ40 በመቶ ያህል ቀንሶ ተገኘ። አዲስ ፎቅ አልተሠራም፣ አዲስ መሣሪያ አልመጣም። በኡጋንዳ ራካይ ደግሞ ቤት ለቤት እየዞሩ ለሁሉም አዋቂ በየአሥር ወሩ አንቲባዮቲክ ሰጡ፤ በኤች አይ ቪ ላይ ለውጥ አልታየም፣ ግን እርጉዝ ሆነው መድኃኒቱን በወሰዱት ሴቶች የሕፃናት ክብደትና በሕይወት መትረፍ ተሻሻለ። ተመራማሪዎቹ ስለ ልዩነቱ ብዙ ተከራክረዋል። እኔ የምወስደው ነገር ግልጽ ነው። አልፎ አልፎ ከውጭ መጥቶ ከሚያልፍ ዘመቻ ይልቅ፣ ሰው ሲታመም ሁሌ ክፍት የሆነ ጤና ጣቢያ ለገጠር ይሻላል። ለእርጉዝ ሴት ደግሞ ኤች አይ ቪ ቀነሰም አልቀነሰ ሕክምናው ራሱ ይገባታል።

የቀረው ባል ነው። ሚስት ብቻ ታክማ ባል ካልታከመ ተመልሳ ልትያዝ ትችላለች። በአገራችን ያለው መንገድ ሚስት ለባሏ የምትሰጠው የመጥሪያ ወረቀት ነው። ወረቀቱን መቀነቷ ውስጥ ከትታ እቤት የምትደርሰው ሴት «ባሌን ምን ብዬ ልንገረው?» ብላ መጨነቋ አይቀርም፤ ስለዚህ ብዙዎቹ ወረቀቶች ከመቀነት ወጥተው ከምድጃ ይገባሉ። የተሻለ መንገድ አለ። ሁለት ጊዜ ከመጥራት አንድ ጊዜ መድኃኒቱን በእጇ መስጠት፣ ወይም ወንዱን በራሱ ምክንያት መጥራት። ወንዶች ከቆላ ሲመለሱ ስለ ወባና ካላአዛር ይጠየቃሉ፤ በዚያው ጥያቄ ውስጥ ሽንት ያቃጥልሃል ወይ የሚል አንድ ጥያቄ ቢታከል፣ ሕክምናውም ሳይወቀስ እዚያው ቢሰጠው፣ ሚስቱ ሳትያዝ ታመልጣለች። ይህ ለእሱም ክብሩ ነው፤ መድኃኒት መደብር ለመድኃኒት መደብር እየዞረ ያለቀበትን ብር ያድንለታል።

ለዓመታት ዋናው ችግር በገጠር ምርመራ የለም የሚለው ነበር። አሁን ይህ ምክንያት እየሳሳ መጥቷል። ለሳንባ ነቀርሳ ተብለው በብዙ የኢትዮጵያ ሆስፒታሎች የተተከሉት ጂን ኤክስፐርት ማሽኖች ሌላ ካርትሪጅ ሲገባባቸው ጨብጥና ክላሚዲያን በአንድ ሰዓት ተኩል ያህል ጊዜ ውስጥ ይለያሉ። ናሙናውን ደግሞ ሴቲቱ ራሷ መጋረጃ ጀርባ ሆና በጥጥ በተጠቀለለ እንጨት ልትወስድ ትችላለች፤ በተለያዩ አገራት የተደረጉ ጥናቶች በሐኪም እጅ ከተወሰደው ጋር እኩል እንደሚሆን አሳይተዋል። ወንድ ባለሙያ ፊት መተኛት የምታፍር ልጅ ያኔ ምርመራ አትሸሽም። እንቅፋቱ የካርትሪጁ ዋጋና ናሙናውን ከጤና ጣቢያ ወደ ማሽኑ የሚያደርሰው ሞተር ብስክሌት ነው። በ2003 የጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በየቀበሌው ሁለት ሴት ሠራተኞችን አስቀምጧል፣ ቤት ለቤት ይሄዳሉ፣ የክትባት ካርድ ያያሉ፣ እርጉዝ ይመዘግባሉ። የአክታ ናሙና ከገጠር ወደ ማሽን የሚሄድበት መንገድ ተዘርግቷል። በዚያው መንገድ፣ በዚያው ሳጥን፣ ከእርጉዞች የተወሰደች ትንሽ ናሙና ልትጨመር ትችላለች። የሚጠብቀው የበጀት መስመር ነው፤ መጀመሪያ በአንድ ወረዳ፣ ከዚያ በአንድ ዞን ሊጀመር ይችላል።